ከአንድ ነጭ አሳ 15 ዝርያ፦ ጣና ስለ ዝግመተ ለውጥ ምን ይነግረናል?

ባሕር ዳር አሳ የሚሸጥበት ቦታ ሄዳችሁ «ነጭ አሳ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሻጩ ወዲያው ይገባዋል። ቆሮሶ ለብቻ ነው፤ አምባዛ ለብቻ ነው፤ ነጭ አሳም ለብቻው። ለጉላሽም ሆነ ለጥብስ ይህ ክፍፍል ይበቃል። አንዴ ፊሌቶ ከወጣማ ማንም አይለየውም።

ፊሌቶ ከመውጣቱ በፊት ግን የተደረደሩትን ነጭ አሳዎች ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። የአንዱ ከንፈር ወፍራምና ሥጋ የበዛበት ነው። የሌላው አፍ ሲከፈት ጉድ ያሰኛል። አንዱ ጭንቅላቱ ትንሽ ነው። አንዱ ዓይኑ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው። አንዱ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው፤ ሌላው ቀጭንና ረጅም ነው።

«ዕድሜያቸው ቢለያይ ነው» ወይም «ወንድና ሴት ቢሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች አካላቸውን ለክተው፣ ሆዳቸው ውስጥ የተገኘውን ምግብ አይተው፣ የትና መቼ እንቁላል እንደሚጥሉ ተከታትለው 15 የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል። የጋራ ሳይንሳዊ ስማቸው ላቤዮባርበስ ይባላል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። መነሻቸውም አንድ ዓይነት የወንዝ አሳ እንደሆነ ይታመናል።

እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ዝግመተ ለውጥን የተማርነው በቀጭኔ አንገትና በሩቅ ደሴት ወፎች ነው። ፈተና አለፍንበት፤ ከዚያ ረሳነው። ዝርያ እንዴት ዝርያ እንደሚወልድ በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት ማሳያዎች አንዱ ግን ምሳ የምንበላው አሳ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ነገሩን ከዚህ፣ ከጣና ዳር እንጀምረው።

የሚለወጠው ማን ነው?

ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ምስል አንድ እንስሳ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ እንስሳ ሲቀየር ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። አንድ አሳ በሕይወት እያለ ወደ ሌላ ዝርያ አይቀየርም። የተወለደበትን ዘር ይዞ ይሞታል። የሚለወጠው የአሳዎቹ ስብስብ ነው፤ ያም ከትውልድ ወደ ትውልድ።

እንዴት መሰላችሁ? አንዲት እናት አሳ በአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ከዚያ ውስጥ የሚፈለፈሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የእናትና የአባት ዘረመል በየጊዜው በተለያየ መንገድ ይደባለቃል። በዚያ ላይ ዘረመሉ ሲቀዳ አልፎ አልፎ ትንሽ ስህተት ይገባበታል። ይህ ስህተት ሚውቴሽን ይባላል። አብዛኛው ሚውቴሽን ምንም ለውጥ አያመጣም። አንዳንዱ ይጎዳል። ጥቂቱ ይጠቅማል። «ይህ አሳ ሰፊ አፍ ያስፈልገዋል» ብሎ የሚመጣ ሚውቴሽን ግን የለም። ሚውቴሽን ለማን ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም።

ከነዚያ ሺዎች ውስጥ አድገው ለመውለድ የሚበቁት በጣም ጥቂት ናቸው። አንዱን አምባዛ ይውጠዋል። ሌላውን ወፍ ይለቅመዋል። አንዱ ምግብ አጥቶ ይቀራል፤ ሌላው ገና እንቁላል እያለ ደለል ይቀብረዋል። ብዙው የዕድል ጉዳይ ነው። ሁሉም ግን ዕድል አይደለም። በአካባቢው ትንንሽ አሳ ሞልቶ ከሆነ፣ አፉ በትንሹ ሰፋ ያለው ከወንድሞቹ በትንሹ የተሻለ ይበላል። በትንሹ የተሻለ ያድጋል። ብዙ እንቁላልም ይተካል። ልጆቹ ያንን አፍ ይወርሳሉ። በሚቀጥለው ትውልድ ሰፊ አፍ ያላቸው ቁጥር በጥቂቱ ከፍ ይላል። በሚቀጥለውም እንዲሁ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው። «ምርጫ» ይባል እንጂ የሚመርጥ አካል የለበትም። ማን ወለደ፣ ማን ሳይወልድ ሞተ የሚለው ሒሳብ በብዙ ትውልድ ሲደመር የሚሰጠው ውጤት ነው።

ሰው መራጭ የሆነበትን ለማየት ደግሞ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ፎገራ ሜዳ መሄድ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ገበሬው የዘረመል ትምህርት ሳይማር ለብዙ ትውልድ ሲመርጥ ኖሯል። በደንብ ከምትታለብ ላም የተወለደውን ኮርማ ለዘር ያስቀራል፤ ሌላውን አኮላሽቶ ለእርሻ ያውለዋል። ነገር ግን ሜዳው ራሱም መርጧል። ፎገራ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው። ረግረጉንና የረግረግ በሽታውን ያልቻለ ከብት ዘር ሳይተካ ያልቃል። ስለዚህ የዛሬዋ ፎገራ ላም ላይ የገበሬውም የሜዳውም እጅ አለበት። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ሐሳቡን ለዓለም ሲያቀርብ የተነሣው ከዚሁ ነበር፤ ከእንስሳት አርቢዎች። ሰው በጥቂት መቶ ዓመታት ይህን ያህል ከለወጠ፣ ተፈጥሮ በሺዎችና በሚሊዮኖች ዓመታት ምን ልታደርግ ትችላለች ብሎ ጠየቀ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የደረቀው ሐይቅ

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ለምን እዚህ ሆነ? ለምን ዓባይ ውስጥ ሌላ ቦታ 15 ዓይነት ነጭ አሳ አልተገኘም?

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ግን ያታልላል። ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ዝናብ ሲጠፋ ቶሎ ይጎዳል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ሥር ያለውን ጭቃ በረጅም ቱቦ አውጥተው ሲመረምሩት አስደናቂ ታሪክ አገኙ። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት የሐይቁ መሃል መጀመሪያ ደረቅ መሬት፣ ቀጥሎ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆኖ ነበር። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ተመለሰ። ሐይቁም ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀመረ።

ሐይቁ ሲደርቅ አሳው የት ነበር? ከሞላ ጎደል በገባር ወንዞቹ ውስጥ መሆን አለበት። እንግዲህ አስቡት። በወንዝ ኑሮ የለመደ፣ ያገኘውን የሚበላ አሳ ድንገት ሰፊ ሐይቅ ተከፈተለት። ዳርቻው ላይ ሣርና ደንገል አለ። ወለሉ ላይ ትልና ቀንድ አውጣ አለ። መሃሉ ላይ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት እየተንሳፈፉ ነው። ያንን ሁሉ የሚሻማ ብዙ ተቀናቃኝ ደግሞ የለም።

ተቀናቃኝ የሌለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ወረድ ብሎ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያ በታች ያለ አሳ ያንን ግድግዳ ወጥቶ ጣና አይደርስም። በታችኛው ዓባይና በናይል ውስጥ ከመቶ በላይ የአሳ ዝርያ አለ። ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ አሳ በሊም አለ። ጣና ውስጥ ግን የለም። ብዙ ጎብኚ ጢስ ዓባይን የሚያየው ለውበቱ ነው፤ እኔ ሳየው ቀድሞ የሚመጣልኝ በርነቱ ነው። የጣና አሳዎች ያን በር ተከልለው የራሳቸውን መንገድ ያዙ።

15ቱም ዝርያዎች የተፈጠሩት ሐይቁ ከሞላ ወዲህ ነው ወይስ መለያየቱ የጀመረው ቀደም ብሎ ወንዞቹ ውስጥ ነው? ይህ እስካሁን ያከራክራል። በሁለቱም መንገድ ግን ነገሩ ወጣት ነው። የዘረመል ልዩነታቸው በጣም ትንሽ ነው፤ የተለያዩት ገና ትናንት እንደሆነ ይመሰክራል። በምድር ዕድሜ 15 ሺህ ዓመት ምንም ማለት አይደለም።

ጥርስ የሌለው አዳኝ

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አፋቸው ነው።

15ቱ ነጭ አሳዎች ሐይቁን በምግብ ተከፋፍለውታል ቢባል ማጋነን አይደለም። አንዱ ቀንድ አውጣና መሰል ባለ ቅርፊት እንስሳትን ይበላል። አንዱ የውሃ ዕፅዋት ላይ ያተኩራል። ትንሽ ጭንቅላት ያለው ደግሞ ከውሃው ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳትን እየለቀመ ይኖራል። ወፍራም ከንፈር ያለው ከሐይቁ ወለል ትንንሽ ነፍሳትን ይለቅማል። ያገኘውን የሚበላም አልጠፋም፤ የጥንቱ የወንዝ አሳ ምናልባት እሱን ይመስል ነበር።

ከ15ቱ 8ቱ ግን አሳ በል ናቸው። ሌላ አሳ እያደኑ ይኖራሉ። ይህን የሰማ የአሳ ሊቅ ሁሉ ይገረማል። ለምን ቢባል ነጭ አሳ የሚመደብበት ቤተሰብ ለአደን የተፈጠረ አይመስልም። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንደ ሌሎች አዳኝ አሳዎች ትልቅ ምግብ የሚያሳድርበት ጨጓራም የለውም። ነክሶ የሚይዝበት ጥርስ የሌለው፣ የዋጠውን የሚያስቀምጥበት ጨጓራ የሌለው አሳ እንዴት አዳኝ ይሆናል? በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በሌላው ዓለም አሳ በል የሆኑት ጥቂት ናቸው። ጣና ላይ 8 በአንድ ሐይቅ!

መልሱ ያው የበሩ ጉዳይ ነው። ናይል ፐርች ቢኖር ኖሮ በጉሮሮ ጥርስ የሚያድን አሳ ሊወዳደረው አይችልም ነበር። ከአምባዛ በቀር ትልቅ አዳኝ በሌለበት ሐይቅ ግን «መጠነኛ አዳኝ» መሆንም ያኖራል። ትንንሾቹ አሳዎች ደግሞ ሞልተዋል፤ ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ መሃል ሐይቅ ላይ በመንጋ የሚሄዱ። አፉ የሰፋ፣ ሰውነቱ የቀጠነ፣ ፈጥኖ የሚዋኝ ነጭ አሳ ከትውልድ ትውልድ ተጠቀመ። ወለሉ አካባቢ የሚያድነው ሌላ መልክ ያዘ፤ መሃል ውሃ ላይ የሚያሳድደው ሌላ።

እዚህ ላይ ዝግመተ ለውጥን በደንብ የሚያስረዳ ነገር አለ። ተፈጥሮ ከባዶ አትሠራም። ነጭ አሳ አዳኝ ሲሆን አዲስ የመንጋጋ ጥርስ አልበቀለለትም። የነበረው አፍ ሰፋ፤ የነበረው የጉሮሮ ጥርስ ቅርጹን ቀየረ። ያለውን ይዞ ማሻሻል ነው። ለዚህም ነው በእንስሳት አካል ላይ «ለምን እንዲህ ተጠማዘዘ?» የሚያሰኝ ነገር የሚበዛው። የእኛ ወገብ ሕመምም ከዚሁ ይመደባል፤ መጀመሪያ በአራት እግር ለሚሄድ እንስሳ የነበረ አከርካሪ ነው ቆሞ የሚሸከመን።

በነገራችን ላይ ነጭ አሳ ሌላም የተለየ ነገር አለው። ሰው 46 ክሮሞዞም (ዘረመሉ የተጠቀለለበት ክር) አለው። ከነጭ አሳ ዘመዶች ብዙዎቹ 50 አላቸው። ነጭ አሳ ግን 150 ገደማ አለው። ጥንት ሙሉ ዘረመሉ ተባዝቶ ቀርቷል፤ አብዛኛው እንስሳ በሁለት ቅጂ የሚይዘውን እሱ በስድስት ይይዛል። ተመራማሪዎች ይህ ትርፍ ቅጂ ለመለዋወጥ ሰፊ ዕድል ሰጥቶት ይሆናል ብለው ያስባሉ። አንዱ ቅጂ የተለመደውን ሥራ ሲሠራ ሌላው ቢለወጥም አሳውን አይገድለውም።

ለምን ተመልሰው አልተቀላቀሉም?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። ሁሉም አንድ ሐይቅ ውስጥ ከሆኑ፣ ሰፊ አፍ ያለውና ጠባብ አፍ ያለው ተዳቅለው መካከለኛ አፍ ያለው አሳ ይወልዳሉ። ልዩነቱ በመጣበት ፍጥነት ይጠፋል። አዲስ ዝርያ እንዲፈጠር አንድ ነገር ዘራቸውን መለየት አለበት። በሌላ አገር ብዙ ጊዜ የሚለያቸው ተራራ ወይም ባሕር ነው። ጣና ላይ ትልቁን ሚና የሚጫወቱት ወንዞቹ ናቸው።

ክረምት ሲገባ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይሞላሉ። በዚያን ጊዜ ቢያንስ 7 የነጭ አሳ ዝርያዎች ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ ይጓዛሉ። መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ንጹሕ፣ አየር ያለው፣ ጠጠር የተነጠፈበት ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንቁላሉን ጠጠር ላይ ይጥላሉ። የሚወጡት ግን ሁሉም በአንድ ቀን፣ ወደ አንድ ቦታ አይደለም። አንዱ ዝርያ ቀደም ይላል፤ ሌላው ይዘገያል። አንዱ ይህንን ጅረት ይመርጣል፤ ሌላው ያንን። ሌሎቹ ዝርያዎች ደግሞ ወንዝ ሲወጡ አልታዩም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታሰባል። በዚህ ምክንያት አብረው የሚውሉ አሳዎች አብረው አይወልዱም። ዘራቸው የሚገናኝበት ዕድል ጠበበ። ልዩነታቸውም ጸና።

«ታዲያ ሙሉ በሙሉ ተለያይተዋል?» ካላችሁኝ፣ በሁሉም ላይ አይደለም። ሳይንቲስቶችም ሲከራከሩበት ኖረዋል። በ1830ዎቹ ጣናን ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ብዙ ዝርያ እንዳለ ጽፎ ነበር። በ1973 እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር መልካቸው የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ሊዮ ናሄልኬርኬ እና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ አሳዎችን አስጋርተው ለኩ። በ2000 ዝርያዎቹን እንደገና ለይተው አወጡ። እኔ ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ዝርያዎች በአንድ ጀንበር የሚፈጠሩ ቢሆኑ ወሰናቸው ሁሌም ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ቀስ እያሉ የሚለያዩ ከሆነ ግን ልክ ጣና ላይ እንደምናየው፣ «አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» የሚያሰኙ መኖር አለባቸው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

ይህን ጉዳይ ጣና ዳር ስናወራ ሦስት ነገር መነሣቱ አይቀርም።

አንደኛው «እኛ ከዝንጀሮ መጣን ማለት ነው?» የሚለው ነው። ሳይንሱ የሚለው እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚነጨው ጭላዳ አያታችን አይደለም። ዘመዳችን ነው። እሱም እኛም በጣም ከራቀ የጋራ ቅድመ አያት የወረድን ነን፤ እሱም የራሱን መንገድ፣ እኛም የራሳችንን ሄደናል። ሰፊ አፍ ያለው ነጭ አሳ ከወፍራም ከንፈሩ አልተወለደም፤ ሁለቱም ከሌላ ተወለዱ። ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ሁለተኛው «ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው እኮ» የሚለው ነው። በሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ማለት ብዙ ማስረጃን አስተሳስሮ የሚያብራራ፣ ተፈትኖ የጸና ሐሳብ ነው። በዓይን የታየም አለ። ቅድም የሩቅ ደሴት ወፎች ብዬ አለፍኳቸው እንጂ የእነሱም ነገር ትልቅ ነው። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ ጋላፓጎስ ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ወፎችን አንድ በአንድ እየለኩ ተከታተሉ። በ1977 ድርቅ ሆነ። ትንንሽ ፍሬ አለቀ፤ የቀረው ትልቅና ጠንካራ ፍሬ ነበር። ያንን መስበር የሚችሉት ወፍራም መንቁር ያላቸው ወፎች ተረፉ። የሚቀጥለው ትውልድ መንቁር በአማካይ ወፈረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ትንንሽ ፍሬ ሲበዛ ደግሞ ምርጫው ወደ ትንሽ መንቁር ዞረ። ዝግመተ ለውጥ ወደ «ተሻለ» የሚወጣ መሰላል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ዘንድሮ የሚጠቅመው ከርሞ ላይጠቅም ይችላል።

ሦስተኛው የእምነት ጥያቄ ነው። ጣና ማለት ገዳማት ያሉበት፣ ቤተ ክርስቲያን እየተሳመ የሚታደግበት አገር ነው። ጥያቄው ከልብ ሲመጣ ከልብ መመለስ አለበት። ሳይንስ ሕያዋን እንዴት እንደሚለዋወጡ በማስረጃ ይጠይቃል። ለምን እንደተፈጠርን፣ የሕይወት ትርጉም ምን እንደሆነ አይነግረንም። በዓለም ላይ እምነታቸውን ይዘው ይህንን ሳይንስ የሚያስተምሩ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔም አሳውን ማየት ማንንም ከጸሎቱ ያግዳል ብዬ አላምንም።

እኛ ራሳችንም ከዚህ ውጭ አይደለንም። ከብት በሚያረባ ሕዝብ ውስጥ፣ ሰው ካደገ በኋላም ወተት የመፍጨት ችሎታ በዘረመል ለውጥ መጥቷል። አብዛኛው የዓለም ሰው ካደገ በኋላ የወተት ስኳር አይፈጭለትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚያስችሉ አንድ ሳይሆን በርከት ያሉ የተለያዩ ለውጦች ተገኝተዋል። ሰሜን ተራሮች ላይ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን ያጠኑ ተመራማሪዎችም በ2002 ያልጠበቁትን አገኙ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የብዙ ሌላ አገር ሰው ደም ወፈር ይላል። የእነዚህ ሰዎች ግን በዝቅተኛ ቦታ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ኦክስጅናቸውም አላነሰም። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች በሌላ መንገድ፣ የቲቤት ሰዎች በሌላ መንገድ ለምደዋል። አንድ ችግር፣ ሦስት መፍትሔ።

በአንድ ሰው ዕድሜ የሚፈርስ

ለመሥራት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት የፈጀውን ለማፍረስ ያን ያህል ጊዜ አያስፈልግም።

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጣና ላይ ማስገር ማለት በአብዛኛው በደንገል ታንኳ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ነበር። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ። አስጋሪዎች ገቢ አገኙ፤ ይህን ማንም አይጠላም። ችግሩ የመጣው መረቡ ክረምት ላይ ወንዝ አፍ ሲጣል ነው። አሳዎቹ ለመውለድ የሚሰበሰቡት እዚያው ስለሆነ በአንድ ሌሊት ብዙ ይያዛል። የተያዘው ግን እንቁላል የተሸከመው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ነጭ አሳዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱን የተከታተሉት ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

መረብ ብቻ አይደለም። አሳ የሚያሰክረውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መበተን አለ፤ ትልቁንም ጫጩቱንም ይጨርሳል። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይወጣል፤ ያ ጠጠር ደግሞ የእንቁላሉ አልጋ ነው። ለመስኖ ውሃ ሲጠለፍና ግድብ ሲሠራ መንገዱ ይቋረጣል። ከተራቆተው ተራራ የሚመጣው ደለል ጠጠሩን ይሸፍናል። ከ2011 ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ ደግሞ ዳርቻውን እየወረሰ ነው።

ቁጥር መቀነሱ አንድ ነገር ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም አለ። ዝርያዎቹን ለያይቶ ያቆያቸው የመውለጃ ቦታና ጊዜያቸው መለያየቱ ነው። አምስት ጅረት ወደ አንድ ጅረት ከተቀነሰ፣ በየፊናቸው ይወልዱ የነበሩት አንድ ቦታ ይጨናነቃሉ። ያኔ ዘራቸው ይቀላቀላል። አሳው ባያልቅም ዝርያው ያልቃል። መረብም ራሱ መራጭ ነው። ትልልቁን እየለቀመ ሲያወጣ፣ ገና ትንሽ ሳለ የሚወልደው ይጠቀማል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ኮድ የሚባለው አሳ ላይ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ታይቷል፤ ለብዙ ዘመን ሲሰገር ኖሮ በትንሽነቱ መውለድ ጀመረ።

ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። ከነጭ አሳ ቤተሰብ የሆኑ፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ 17 ዝርያዎች ነበሩበት። ከውጭ የገቡ አሳዎችና ከልክ ያለፈ ማስገር አንድ ላይ መጡበት። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ መጥፋታቸውን አስታወቀ፤ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ አልቀሩም ተብሏል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የዚህ ቤተሰብ ትልልቅ አሳዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተባዝተው የሚገኙበት ቦታ ጣና ብቻ ነው የቀረው ማለት ይቻላል። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ነሐሴ ውስጥ መረብ የሚጥለውን ሰው ግን ምዝገባው አያስቆመውም።

የሚያስቆመው ለዚያ ወቅት ሌላ መተዳደሪያ ማግኘቱ ነው። ወንዝ የሚወጡት አሳዎች የሚወልዱበት ወቅት ይታወቃል፤ በዋናነት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ቦታውም ይታወቃል። ዓመቱን ሙሉ፣ ሐይቁን ሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። በእነዚያ ወራት የወንዞቹን አፍና የላይኛውን ጠጠር ብቻ መተው ይበቃል። ቆሮሶና አምባዛ ሐይቁ ውስጥ ስላሉ አስጋሪው ሥራውን ወደዚያ ማዞር ይችላል፤ የጎደለበትን ገቢ መደገፍ ደግሞ የእኛ የበላተኞቹና የመንግሥት ድርሻ ነው። እኛም ቢያንስ አንድ ነገር እጃችን ላይ አለ። ክረምት ላይ አሳ ስንገዛ «ይህ ነጭ አሳ ከየት ተያዘ?» ብሎ መጠየቅ፤ ከወንዝ አፍ ከሆነም ቆሮሶ መግዛት።